ከሽፋኑ ላይ የሌሉት ጋሽ አንዳርጌ

ረቡዕ ረፋድ መራዊ ላይ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ ተቀምጬ ስጠብቅ መቅደስ ደወለች። ከተደዋወልን ዓመት አልፎናል። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣

«ጋሽ አንዳርጌ አረፉ» አለችኝ።

«መቼ?»

«እሑድ። ሰኞ ተቀበሩ። እኔም አሁን ገበያ ላይ ከሰው ነው የሰማሁት።»

«ምነው ሳይነግሩን?» አልሁ። ጥያቄው ከአፌ ሳይወጣ መልሱን አውቀው ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። «እኔ አልሄድም» አለች መቅደስ። «እትዬ የሺን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አንተ ሂድ። አንተን ይወዱህ ነበር።»

ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜም የተባለው እኔን ወደ እሳቸው ለመላክ ነበር።

ጋሽ አንዳርጌ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ቀጭን፣ አጠር ያሉ ሰው ነበሩ። መነጽራቸው በአንድ በኩል በመዳብ ሽቦ ታስሯል። ግራጫ የሥራ ካፖርታቸው ኪሶች በብሎን ስለሚሞሉ ሲራመዱ ይንሿሿሉ። መጀመሪያ የሄድሁት የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ የቤዝ ጊታሬ አምፕሊፋየር ተቃጥሎ ተሸክሜው ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ጠግነውት ጠበቁኝ።

«ሞክረዋ» አሉኝ።

አንድ ሁለት ሐረግ መታሁ። ሌላ ልጀምር ስል ጣታቸውን አነሡ።

«ቀስ። ድምፁ አላለቀም።»

ጠበቅሁ። የመጨረሻው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ጣታቸውን አላወረዱም። ከዚያ ከተደረደሩት ቴሌቪዥኖች ኋላ ገብተው በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ጊታር ይዘው ወጡ። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የሰማሁትን ለመግለጽ እስካሁን ቃል አጥሮኛል። አንቺሆዬ ነው፤ ግን የሻከረ፣ የሚቧጥጥ፣ አንዳንዴ ደግሞ ከውሃ በታች የሚመጣ የሚመስል አንቺሆዬ።

በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ይጫወቱ ነበር። አንድ ቀን ጊታሩን የተቀደደ እስፒከር ላይ ሲሰኩት የወጣው ድምፅ ደስ አላቸውና ሕዝብ በተሰበሰበበት በዚያው ድምፅ ተጫወቱ። የቡድኑ ኃላፊ ጠርቶ፣ «ይህ የታነቀ ዶሮ ጩኸት ነው፤ በአብዮቱ ታላግጣለህ» ብሎ አባረራቸው። አባታቸው ደግሞ ይፋግ አጠገብ ባለ አንድ ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ልጃቸው ዜማ መማሩን ትቶ ጊታር መያዙን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከልክለዋል። ጋሽ አንዳርጌ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ። «ከቤተ ክህነቱም ከአብዮቱም ተባረርሁ፤ የቀረኝ ሬዲዮ ነው» ይላሉ።

ያን ሰሞን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባንድ ለማቋቋም ላይ ታች እንል ነበር። ሮቤል ድራም ይመታል፤ አፉም እጁም ፈጣን ነው። መቅደስ ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ትዘፍናለችም። ሁለቱንም ሱቁ ድረስ ወሰድኋቸው። ሮቤል ሲገባ ፊቱ ላይ «ወዴት አመጣኸን?» የሚል ነገር ነበረ። ጋሽ አንዳርጌ ተጫውተው ሲጨርሱ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳይኬደሊክ ሮክ ነው!»

«ምን ማለት ነው?»

ሮቤል ተቸገረ። «እ… ሰው ሲሰማው ጊዜው ይጠፋበታል። እዚህ ተቀምጦ ሌላ ዓለም ይገባል።»

ጋሽ አንዳርጌ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት። «አባቴ ማኅሌት ቆመው ሲመለሱ ዓይናቸው እንደዚያ ነበር» አሉ። «ቁርስ ሳቀርብላቸው አያዩኝም። ገና እዚያው ናቸው። ለካ ስም አለው።»

ባንዳችንን የጣና ታንኳ በሚሠራበት ተክል ስም ደንገል አልነው። ቅዳሜና እሑድ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል እንለማመዳለን። እኛ በስልካችን የምናሳያቸውን መሣሪያ ሁሉ ጋሽ አንዳርጌ ከወዳደቀ ዕቃ ይሠሩታል። ድምፁ እንዲያስተጋባ ሲፈልጉ ሁለት አሮጌ ቴፖችን ፊት ለፊት አስቀመጡና የድምፅ መቅጃውን ክር ከአንዱ ወደ ሌላው በክፍሉ መሃል ዘረጉት፤ እንዳይረግብ በእርሳስ ላይ አሳለፉት። አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ዘግይቶ ይመልሳል። እኛ ከዚያ ክር ሥር እያጎነበስን ነበር የምንወጣ የምንገባው። አንድ ጊዜ ሮቤል ረስቶ በትከሻው በጠሰው። ሲደነግጥ አይተው፣ «ግድ የለም፤ ክር ነው» አሉትና በማጣበቂያ ቀጠሉት። ተቆጥተው አይቼ አላውቅም፤ ስንቸኩል ብቻ ያቺ ጣት ትነሣለች።

እትዬ የሺ፣ ባለቤታቸው፣ ምሳ በሳህን ሸፍነው ያመጡልን ነበር። ልጅ የላቸውም። ለሁላችንም ሲያጎርሱ ከእኔ ነው የሚጀምሩት።

አልበሙን የቀዳነው ይፋግ ነው። የጋሽ አንዳርጌ እህት ባል ሩዝ የሚያከማችበት መጋዘን ያን ጊዜ ባዶ ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ድምፅ የሚመልስ። መቅረጫውን ከጓደኛ ተዋስን፣ ጀነሬተር ከጎረቤት ለመንን፤ አምስት ቀን ሰነበትን። ማይክራፎኖቹን የት እንደሚያቆሙ ለመወሰን ጋሽ አንዳርጌ ግማሽ ቀን እያጨበጨቡ መጋዘኑን ዞሩት። ለአልበሙ ስም የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ወደ ውስጥ ቀዘፋ። በዚሁ ስም የሚጠራው ዘፈን አሥራ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። መቅደስ አፏን የምትከፍተው ወደ መጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚናገረው ጊታሩ ነው።

ያንን በአራተኛው ቀን ጠዋት ቀዳነው፤ በአንድ ጊዜ፣ ሳንደግመው። ጋሽ አንዳርጌ በታጠፈ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። መሃል ላይ እኔ ቤዙን እየመታሁ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። እጄ ይሠራል፤ እኔ ግን የለሁም። ስንጨርስ ደጁ ላይ ሰው ቆሟል። ከማሳ የሚመለሱ፣ ዶማ በትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አንድ ገበሬ ናቸው።

«ይኼ ነገር ለቅሶ ነው ወይስ ሰርግ?» አሉ።

«እርስዎ ምን መሰለዎ?» አሏቸው ጋሽ አንዳርጌ።

ገበሬው አሰቡ። «ሁለቱንም መሰለኝ።»

«እንግዲያውስ ደርሰናል» አሉ ጋሽ አንዳርጌ ወደ እኛ ዞረው። እንደዚያ ቀን ፊታቸው በርቶ አይቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ እኔን ብቻ «ና» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። አባታቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ድረስ በእግር ተጓዝን። በሩ ላይ ደርሰው ጫማቸውን አወለቁ፤ ግን አልገቡም። ከውጭ ቆመው ተሳለሙ። «ጨርሻለሁ ልላቸው ነው የመጣሁ» አሉኝ። ከዚያ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ጌትነት፣ እኔና የሺ ልጅ አልወለድንም። የሠራሁት ሬዲዮ ሁሉ የሰው ሬዲዮ ነው። ስሜ የተጻፈበት አንድ ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው እንጂ በዚህ ዕድሜዬ ከእናንተ ጋር መዝለሉ እንደማያምርብኝ መች ጠፋኝ?»

«ከላይ ነው የሚጻፈው ጋሼ» አልኋቸው። «ከሁላችንም በላይ።»

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ።

ቅጂውን አዲስ አበባ ላለ አንድ አሳታሚ ላክነው። ወዲያው ጠራን። ጋሽ አንዳርጌ የደንበኛ ዕቃ ስላለባቸው ሦስታችን ሄድን። ሰውዬው አልበሙን ደጋግሞ ሰምቶታል፤ በተለይ ስለ ጊታሩ አውርቶ አይጠግብም። ሮቤል በስልኩ የመጋዘኑን ፎቶ ሲያሳየው፣ «እኚህ አባትህ ናቸው?» አለው። ጊታሩን የሚጫወቱት እሳቸው እንደሆኑ ስንነግረው ስልኩን ለሮቤል መለሰለት። ከዚያ በለሰለሰ አነጋገር አስረዳን። መድረክ አለ፣ ቪዲዮ አለ፤ ይህን ሙዚቃ የሚሰማው ወጣት ነው። «ሽማግሌ መሃል ላይ ሲያይ የባህል ቡድን ይመስለዋል። ድምፃቸው ይኑር፤ ፊታቸው አይታይ። ለመድረክ ደግሞ ወጣት ጊታሪስት እኔ አገኝላችኋለሁ።»

ወጥተን ሻይ ቤት ተቀመጥን። መቅደስ አለቀሰች። «ከሌሉ እኔም የለሁም» አለች። ሮቤል፣ «አልበሙ ከሚቀር ይሻላል። እሳቸውም ቢሆኑ እንዲወጣ ነው የሚፈልጉት» አላት። እኔ ስኒዬን አዞራለሁ። አንድ ቃል ብናገር መቅደስ እንደምትጸና አውቃለሁ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። አልተናገርሁም። ከብዙ ክርክር በኋላ እሷም ተሸነፈች። ያን ጊዜ ነው ሮቤል፣ «አንተ ንገራቸው። አንተን ይወዱሃል» ያለኝ።

ባሕር ዳር በተመለስን ማግሥት ሱቃቸው ሄድሁ። የተከፈተ ሬዲዮ ላይ አጎንብሰው ሽቦ እየበየዱ ነው። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ተናገርሁ። አሳታሚው በጣም ወዶታል፤ ግን ጉዞው ይበዛል፣ መድረኩ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ ለጤናዎ ስንል በመድረኩም በፎቶውም ባናደክምዎ የሚል ሐሳብ መጥቷል አልኋቸው። ብየዳውን እስኪጨርሱ ቀና አላሉም።

«ጤናዬ ምን ሆነ?»

«አይ… ማለቴ… ድካሙን ብለን…»

መበየጃውን አስቀመጡ። «ስማ ልጄ። ሽማግሌ ስለሆንህ አንፈልግህም በለኝ። እሱን እችለዋለሁ። ለጤናዎ አትበለኝ።»

ጠበቁኝ። እውነቱን ብናገር ኖሮ የሚያቅፉኝ ይመስለኛል። እኔ ግን ወለሉን እያየሁ፣ «እውነቴን ነው ጋሼ፣ ለጤናዎ ነው» አልሁ።

«ስሜስ?»

«ስምዎማ ይኖራል።»

«እሺ» አሉ፤ ወደ ሬዲዮው ተመለሱ።

ለሽፋኑ ሦስታችንን ጣና ዳር ታንኳ ላይ አስቀምጠው ፎቶ አነሡን። አልበሙ ከመታተሙ በፊት የሽፋኑ ጽሑፍ በስልኬ መጣልኝ፤ ስሕተት ካለ እንዳርም። ቤዝ ጊታር ከሚለው ፊት የእኔ ስም አለ፤ ከድራም ፊት የሮቤል፤ ከኪቦርድና ድምፅ ፊት የመቅደስ። ጊታር ከሚለው ፊት «ደንገል ባንድ» ይላል። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ልዩ ምስጋና የሚለው ዝርዝር መጨረሻ ላይ፣ ጀነሬተሩን ካዋሰን ሰው ቀጥሎ «ጋሽ አንዳርጋቸው» የሚል ተጽፏል። አንዳርጌ እንጂ አንዳርጋቸው ስማቸው እንኳ አልነበረም። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አየሁት፤ አላየሁትም አልልም። አሳታሚው እንዳይቀየመኝ፣ ነገሩ እንዳይጓተት ብዬ «አሪፍ ነው» ብዬ መለስሁ። ይህን ለመቅደስም ለሮቤልም ነግሬ አላውቅም።

አልበሙ ተወደደ። ባጃጁም ካፌውም ይከፍተው ጀመር። አንድ ቀን ሬዲዮ ጣቢያ ለቃለ መጠይቅ ጠሩን፤ የቀጥታ ስርጭት ነበር። ጋዜጠኛዋ፣ «ያ የሚያለቅሰው ጊታር የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሮቤል ፈጠን ብሎ፣ «የሦስታችን የጋራ ፈጠራ ነው» አላት። እሷም ወደ እኔ ዞራ፣ «እንዴት ነው ሦስት ሰው አንድ ጊታር የሚጫወተው?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። «ምሥጢር ነው» አልሁ።

ጋሽ አንዳርጌ ያን ሰዓት የደንበኛ ሬዲዮ ጠግነው እየሞከሩ ነበር። የነገረኝ ከሱቃቸው አጠገብ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነው። ባለ ሬዲዮው፣ «እነዚህ እርስዎ ቤት የሚመጡት ልጆች አይደሉም?» ብሎ ጠየቃቸው። ጨዋታው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ዘግተው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት። «ደህና ይሠራል» አሉት። በዚያው ቀን ሁለቱን ቴፖች በርካሽ ሸጧቸው። ጊታሩን ምን እንዳደረጉት ሰፊውም አያውቅም።

ወር ያህል ቆይቼ ሄድሁ። በሩ ላይ ቆሜ፣ «ደህና ዋሉ ጋሼ» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ደህና ዋሉ። ይግቡ። ምን ልታዘዝ?»

ከኋላዬ ሌላ ትልቅ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞር አልሁ። ማንም የለም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ጌትነት።»

«አውቄዎታለሁ። የሚጠገን ዕቃ ይዘው ነው?»

በዕድሜ የልጅ ልጃቸው የምሆን ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «አንተ»፣ «ልጄ»፣ «ና ብላ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ቢሰድቡኝ፣ በመበየጃው ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ያቺ «እርስዎ» ግን መግቢያም መውጫም አሳጣችኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

«ምን በድለውኝ?»

የበሩን ደፍ በጫማዬ ፋቅሁ።

«ይንገሩኛ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ያደረጉትን በአፍዎ ይንገሩኝና ይቅር እልዎታለሁ።»

«ያው… ነገሩ እንዲህ ይሆናል ብለን ሳናስብ…» ብዬ ጀመርሁ። የሽፋኑን ጽሑፍ ነገር ላነሣ ፈልጌ አለፍሁት። ጥቂት ከጠበቁኝ በኋላ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

«የሚጠገን ሲኖር ይምጡ» አሉኝ።

ሁለተኛ አልሄድሁም። ባንዱም ብዙ አልቆየም። አሳታሚው ያመጣልን ወጣት ጊታሪስት ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያን ድምፅ ግን ሊያገኘው አልቻለም። ሁለተኛ አልበም ልንጀምር ሦስት ጊዜ ተቀምጠን ሦስት ጊዜ ተነሣን። ሮቤል አዲስ አበባ ቀረ፤ ሆቴል ውስጥ ይጫወታል። መቅደስ ዘፈን ተወች። እኔም መራዊ መስኖ ላይ ሥራ ያዝሁ። ቤዙን ሸጬዋለሁ።

ረቡዕ ዕለት ከአውቶቡስ እንደወረድሁ በቀጥታ ለቅሶ ቤቱ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰው ነው ያለው። እትዬ የሺ ጥቁር ነጠላ አድርገው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጠዋል፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከሩቅ እጅ ነሥቼ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። ጥቂት ካዩኝ በኋላ፣

«ዘመድ ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በምን ትተዋወቁ ነበር?»

የሚያወሩት ሌሎቹም ወደ እኔ ዞሩ። ጊታር እንደሚጫወቱ ከእነዚህ ሰዎች መካከል የሚያውቅ እንደሌለ ከጨዋታቸው ተረድቻለሁ። በየባጃጁ ሲሰሙት የኖሩት ጊታር የማን እንደሆነ ልነግራቸው እችል ነበር። ከእንግዲህ የምፈራው አሳታሚ የለም፤ የሚቀርብኝ መድረክ የለም። ግን እሱን ከተናገርሁ ቀጥሎ «ታዲያ ስማቸው የት አለ?» መባሉ አይቀርም።

«ሬዲዮ ይሠሩልኝ ነበር» አልሁ።

እትዬ የሺ ቀና አሉ። ድምፄን ለይተውታል። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲያዋርዱኝ ሳልመኝ አልቀረሁም።

«አዎ፣ ደንበኛቸው ነበር» አሉ ለሽማግሌው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ከሩቅ ነው የመጣ፤ ምሳ አቅርቡለት» አሉ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነፍሳቸውን ይማር፤ ሥራ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።»

«ይማር» አልሁ። የቀረበልኝንም በላሁ።